መውደቅን ማን ያስተምር?

በልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢዎች ኳስ የሚጫወቱ ልጆችን ቆም ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል፦ ማንም መሬት አይነካም። ኳሷን በቆሙ መኪኖች መካከል እንደ ጉድ ያንሸራሽሯታል። ቅብብሉ ያምራል፣ ማታለሉም ያስቃል። ነገር ግን ሸርተቴ የሚገባ የለም፣ ትከሻውን የሚያስቀድም የለም፣ ከላይ ለመጣች ኳስ ሁለት ሆነው የሚዘሉም የሉም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ንጣፉ ድንጋይ ነው። የወደቀ ጉልበቱን ተልጦ እያነከሰ ወደ ቤቱ ይገባል፤ እዚያ ደግሞ የእናት ቁጣ ይጠብቀዋል።

ይህን ያነሳሁት ከእኛ ሰፈር በጣም ስለራቀ ክርክር ለማውራት ነው። የአሜሪካ ፉትቦልን ብዙዎቻችን የምናውቀው በፊልም ነው፤ የራስ ቁር ደፍተው፣ ትከሻቸውን አሳብጠው እንደ ወይፈን የሚላተሙበት ጨዋታ። እ.ኤ.አ. በ2011 የፕሮፌሽናል ሊጉ ክለቦች ባለቤቶችና የተጫዋቾቹ ማኅበር አዲስ የሥራ ውል ፈረሙ። በዚያ ውል መሠረት ሙሉ ትጥቅ ለብሶ በቀን ሁለት ጊዜ መላተም ቀረ። በውድድር ዘመኑ ውስጥም አንድ ቡድን እንዲህ ያለ ልምምድ እንዲያደርግ የተፈቀደለት 14 ጊዜ ብቻ ሆነ፤ በሳምንት አንድ እንኳ አይደርስም። ከዚያ ወዲህ የአንጋፋ አሰልጣኞች እሮሮ አላባራም። ወጣቶቹ ባላጋራን ይዞ መጣል አያውቁም፤ ከፊት መስመር ተሰልፈው ኳስ ወርዋሪውን የሚከላከሉት ግዙፎችም ሳይበስሉ ወደ ጨዋታ ይገባሉ ይላሉ።

ውሉ ግን ከሰማይ የወረደ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2002 በፒትስበርግ ከተማ አንድ ናይጄሪያዊ ሐኪም፣ ቤኔት ኦማሉ፣ በ50 ዓመቱ የሞተውን የቀድሞ ኮከብ የማይክ ዌብስተርን አንጎል መርምሮ ቀድሞ በቦክሰኞች ዘንድ ይታወቅ የነበረ ጉዳት አገኘ። የሊጉ ሐኪሞች ስለዚህ የጻፈውን ጽሑፍ እንዲያነሳ እስከመጠየቅ ደርሰው ነበር። ኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ጡረተኛ ተጫዋቾች ፍርድ ቤት ቆሙ፤ ሊጉም እ.ኤ.አ. በ2013 765 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ታዲያ የአሰልጣኞቹ እሮሮ እውነት ነው? ለዚህ መልስ የሚሰጠኝ ከሊጉ ይልቅ አንድ የዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። ዳርትማውዝ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2008 ካደረጋቸው 10 ጨዋታዎች አንዱንም አላሸነፈም። አሰልጣኙ ባዲ ቲቨንስ በ2010 እብደት የመሰለ ውሳኔ ወሰነ፦ በልምምድ ላይ ተጫዋች ተጫዋችን አይጥልም፣ በዓመቱ ውስጥ አንድም ቀን። በምትኩ ትራስና አሻንጉሊት ይጣላል። ቆይቶም የዚያው ኮሌጅ የምህንድስና ሰዎች በርቀት የሚታዘዝ፣ የሚሮጥና የሚታጠፍ አሻንጉሊት ሠሩለት። በየቀኑ እግርን የት ማሳረፍ፣ ጭንቅላትን ከምቱ እንዴት ማራቅ፣ ወገብን በምን ማዕዘን ማቀፍ እንደሚገባ ደጋግመው ተማሩ። በዚህ መንገድ አንድ ልጅ አራት ዓመት ተምሮ የሚመረቀው የራሱን ጓደኛ አንዴም ሳይጥል ነው። ቡድኑ በ2015 ከ10 ጨዋታ ዘጠኙን አሸንፎ የአይቪ ሊግን ዋንጫ ከሌሎች ጋር ተጋራ። በቀጣዩ ዓመት የአይቪ ሊግ አሰልጣኞች በሙሉ በውድድር ወቅት ልምምድ ላይ መጣጣል እንዲቀር ተስማሙ።

የእኔ ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው። ግጭትን መቀነስ ተጫዋችን አያሰንፍም፤ የሚያሰንፈው ግጭቱ ሲነሳ በቦታው ትምህርት ሳይተካ ሲቀር ነው። ከፊት መስመር ስለሚሰለፉት ግዙፎች የሚነሳውን ስሞታ ግን አላጣጥለውም። 140 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲገፋህ እንዴት እንደምትቆም አሻንጉሊት አያስተምርህም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ብሔራዊ ቡድናችን በተሸነፈ ቁጥር የምንላት ነገር አለች፦ «በጉልበት በለጡን»። እኔ ይህን አባባል አልወደውም። ጥር 2005 ዓ.ም. ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለስንበት በደቡብ አፍሪካው ውድድር፣ በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ዘመን፣ በረኛችን ጀማል ጣሰው ከግቡ ወጥቶ ከዛምቢያው ተጫዋች ጋር ተላተመና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣ። በአሥር ሰው ቀርተን በአዳነ ግርማ ግብ አቻ መውጣታችን ዛሬም ያኮራኛል። በሦስተኛው ጨዋታ ናይጄሪያ ሁለቱንም ግቦች ያገባችው በፍጹም ቅጣት ምት ነበር፤ ሌላው በረኛችን ሲሳይ ባንጫም በቀይ ወጣ። ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ (ቀኑ የልደታ ነበር፣ የሰፈራችን ሰው ተስሎ እንደሆነ አልጠየቅሁም) በሌላ የአፍሪካ ዋንጫ ያውንዴ ላይ ያሬድ ባየ በ12ኛው ደቂቃ የኬፕ ቨርዴውን አጥቂ በመጣሉ ተባረረ፤ 1 ለ 0 ተሸነፍን።

ሦስት ቀይ ካርድ ጥናት አይባልም፤ ተጫዋቾቹንም አልወቅስም። ይሁንና ሦስቱም የወጡት ሰውነት ከሰውነት በሚገናኝባት ቅጽበት ነው። መቼ ልግባ፣ መቼ ልተው፣ እጄን የት ላድርግ፣ ከተላተምኩ እንዴት ልውደቅ? ይህ ሁሉ በልጅነት የሚለመድ ዕውቀት እንጂ በጉልበት የሚመጣ አይደለም። የእኛ ልጅ ግን አፈር ላይ የመውደቅ ዕድል ሳያገኝ ያድጋል።

ልደታ በአንድ ወቅት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ነበረች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ከዚሁ ነበር። አውሮፕላን ያሳረፈ ሰፈር ዛሬ ለአሥር ልጆች የሚበቃ ሳር መቸገሩ ይገርመኛል። በ2000ዎቹ የድሮው መንደር ፈርሶ ኮንዶሚኒየሙ ሲገነባ የመኪና ማቆሚያ ታስቦበታል፤ የመውደቂያ ቦታ ግን አልታሰበም። አሜሪካኖቹ ንክኪን የቀነሱት ተከራክረው፣ ተካሰውና ተዋውለው ነው። እኛ የቀነስነው ሳናውቀው ነው፤ በምትኩ የሰጠነውም ነገር የለም።

ፕሪሚየር ሊጉም ቢሆን በ2013 ዓ.ም. ክለቦች በአንድ ከተማ ተሰብስበው በጥቂት ቀናት ልዩነት የሚጫወቱበት ሆነ። በሆቴል የሚኖርና ከጨዋታ ወደ ጨዋታ የሚሻገር ወጣት መሃል ላይ የሚያገኛቸው ቀናት ለማገገሚያ እንጂ ለትምህርት አይበቁም።

ንክኪ ይብዛ እያልኩ ግን አይደለም፤ በተለይ ስለ ቴስታ ተቃራኒውን ነው የምለው። እ.ኤ.አ. በ2019 የግላስጎው ተመራማሪዎች የቀድሞ የስኮትላንድ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች ከሌላው ሰው ይልቅ በአንጎል መመናመን በሽታ የመሞት ዕድላቸው በሦስት ተኩል እጥፍ እንደሚበልጥ ጽፈዋል። አሜሪካ ከ2015 ጀምሮ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች በቴስታ እንዳይጫወቱ ከልክላለች፤ እንግሊዝም በ2020 የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን የቴስታ ልምምድ አስቁማለች። እኛ ዘንድ ግን ልጆችን አሰልፎ፣ ኳስ ከፍ አድርጎ እየወረወረ «በግንባር!» የሚል አሰልጣኝ አሁንም አያለሁ።

የታዳጊ አሰልጣኞች ሆይ፣ ይህን ልምምድ ተዉት። በእሱ ፈንታ አሮጌ ፍራሽ ፈልጋችሁ መውደቅን አስተምሩ፤ ከኳሷ በፊት ትከሻ ለትከሻ መቆምን አስለምዱ። የልደታ ክፍለ ከተማ ደግሞ ቀጣዩን ባዶ ቦታ ለመኪና ማቆሚያ ከመስጠቱ በፊት ሳር ዘርቶ ለልጆች ይተውልን።