አመዱ የት ይደፋል?

ስለ ማዳበሪያ ልጽፍ መነሣቴን ያየ አንባቢ ስለ ዋጋው ላማርር ነው ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። ዋጋውስ በእርግጥ ከብዷል፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው አደባባይ መውጣታቸውም የሚረሳ አይደለም። የእኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ገበሬው በጉን ሸጦ የገዛው ማዳበሪያ ከማሳው ወዴት ይሄዳል?

እስቲ ሒሳቡን እንመርምር። በአንድ ኩንታል ኤን ፒ ኤስ ውስጥ ያለው ንጹሕ ፎስፎረስ 17 ኪሎ ያህል ነው። በመካነ ብርሃንም ሆነ በደባርቅና በዳባት ደጋ ከአንድ ሄክታር 20 ኩንታል ገብስ ያፈሰ ሰው ተመስገን ይላል፤ ያ ሁሉ እህል ከአፈሩ ይዞት የሚወጣው ፎስፎረስ ግን ከ6 እስከ 7 ኪሎ ቢሆን ነው። ታዲያ አንዱን ኩንታል በዚያው ሄክታር ላይ የበተነ ሰው፥ ቀሪው 10 ኪሎ የት ገባበት? ፎስፎረስ እንደ ናይትሮጅን በንኖ አይጠፋም።

ከፊሉ እዚያው ታስሯል። አፈሩ አሲዳማ ሲሆን ብረትና አሉሚኒየም አጥብቀው ይይዙትና የሰብሉ ሥር አያገኘውም። ከአገራችን የሚታረስ መሬት 40 በመቶ ያህሉ በአሲድነት የተጠቃ ስለ ሆነ ነገሩ የጥቂት ማሳ ጉዳይ አይደለም። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ነገር ግን በሄክታር ብዙ ኩንታል ይፈልጋልና፥ የጃናሞራን ዳገት በአህያ የሚወጣውን ሰው «ኖራ ጨምር» ማለት ለተናጋሪው ብቻ ይቀላል። ሌላው ከአፈር ጋር ተጣብቆ በጎርፍ ወደ ተከዜ ይወርዳል። የስሜንን አፈር መሸርሸር ሐንስ ሁርኒ የተባለው የስዊስ ሊቅ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጥንቶታል፤ ተዳፋቱ ግን ዛሬም እየታረሰ ነው።

የቀረው በቤታችን አለ። ገለባውን ከብቱ ይበላዋል፤ እበቱ ኩበት ይሆናል፤ ኩበቱም ይነዳል። ናይትሮጅኑ ከጢሱ ጋር ሲሄድ ፎስፎረሱ ከአመዱ ውስጥ ይቀራል፤ አመዱም በየማለዳው ከጓሮ ይደፋል። የጓሮው ጎመን ለምልሞ የሩቁ ማሳ ገብስ የሚቀጭጨው ስለዚህ ጭምር ነው። ዓመት በዓመት ማሳውን እየገፈፍን ደጃፋችንን እናደልባለን!

አንደኛ ዓመት ጨርሼ አገሬ ስገባ፥ ኩበት ማንደድ ኋላ ቀርነት ነው ብዬ እናቴን ልገሥጽ ቃጣሁ። «ልጄ፥ እንግዲያ እንጀራውን በምን ልጋግረው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ እንጨት በሌለበት በዚያ ውርጭ ውስጥ ላለች ሴት «ኩበት አታንድጂ» የሚል የተማረ ሰው ስሰማ ስለ እርሱም ስለ ራሴም አፍራለሁ። ደግሞስ አመዱን የምትደፋው እርሷ ሆና ሳለ ለግብርና ምክር የሚጠራው አባወራው ብቻ መሆኑ ምን ይባላል?

ኩበቱ ይንደድ፤ አመዱ ግን ይመለስ። ዝናብ እንዳያጥበው ከጥላ ሥር ይጠራቀምና በዘር ጊዜ ባዶዋን ወደ ማሳ በምትሄደው አህያ ይጫን። አመድ አሲዱንም በመጠኑ ያበርዳል። ከዩሪያ ወይም ከእርጥብ ፍግ ጋር ግን አይደባለቅ፤ ናይትሮጅኑን ያባርረዋል። ለአንድ ሄክታር አይበቃም የሚለኝ ሰው እውነቱን ነው። የአንድ ቤት አመድ ማዳበሪያን አይተካም፤ ማሳውን በየተራ፥ በየዓመቱ ቁራሽ ቁራሽ እያደረጉ ለማዳረስ ግን ይሆናል። እርከን በሌለው ዳገት ላይ ከሆነ ደግሞ አመዱም ወደ ተከዜ ነውና እርከኑ ይቅደም።

በሚመጣው ሰኔ ወደ ስሜን የምንገባ ተማሪዎች አንዲት ቁራሽ መሬት ለሁለት ከፍለን፥ አንዱን በአመድ ሌላውን ያለ አመድ ገብስ ብንዘራበትና ሁለቱንም መዝነን ውጤቱን በዚሁ ጋዜጣ ብናወጣ ምን ይመስላችኋል? አባቴ ለመሬቱም ለዘሩም እሺ ብሎኛል። ለአመዱ ገና እናቴን ማስፈቀድ አለብኝ።