ፒስታ ለማን ጌጥ ነው፣ ለማንስ ችግር?

‹ግራቭል› የሚባል የቢስክሌት ፋሽን ከመጣ ቆይቷል። ከቀጭኑ የውድድር ቢስክሌት ወፈር፣ ከተራራ ቢስክሌት ደግሞ ቀለል ይላል። ጎማው 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ዋጋው ሲጠራ በሺህ ዩሮ ነው። የተሠራው ለምን መሰላችሁ? ፒስታ ላይ ሊሄድ! አዎ፣ ያው እኛ አገር ነዋሪው ‹አስፋልት መቼ ነው የሚገባልን?› እያለ አቤቱታ የሚጽፍበት ፒስታ።

ይህን የሰማ የከተማ ልጅ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ይስቃል፦ ‹ፈረንጅ ሲጠግብ ኮረኮንች ያምረዋል!› ሌላው ደግሞ ፎቶውን እያየ ይቀልጣል፦ ‹ያልተነካ ተፈጥሮ! ሰው ያልረገጠው መንገድ!› እኛ ሁለቱንም አንቀበልም። የሚስቀውም የሚቀልጠውም መንገዱን እንጂ የመንገዱን ባለቤት አላየም ባይ ነን። ለምን እንደሆነ በሁለት የጣልያን መንገዶች እናስረዳ። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

‹ያልተነካ› የተባለው መንገድ

መጀመሪያ ወደሚቀልጠው። የግራቭል አፍቃሪዎች እንደ ቅዱስ ስፍራ ከሚሳለሟቸው መንገዶች አንዱ ‹አልታ ቪያ ዴል ሳሌ› ነው፤ ‹ከፍተኛው የጨው መንገድ› እንደማለት። በሰሜን ምዕራብ ጣልያን ከሊሞኔ ፒየሞንቴ ተነስቶ ወደ ሞኔሲ ይሄዳል። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,100 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ገደሉን ተደግፎ ይጓዛል። በረዶው ሲቀልጥ በበጋ ብቻ ይከፈታል። መኪናና ሞተር ሳይክል ከፍለው፣ ያውም በቁጥር ተገድበው ነው የሚገቡት። ቢስክሌተኛው እዚያ ላይ ሆኖ ‹ሰው ያልነካው› ይላል።

እውነት ሰው አልነካውም? በጥንት ጊዜ የሊጉሪያ ባሕር ጨው በበቅሎ ተጭኖ ወደ ፒየሞንቴ የሚሻገረው በዚህ ተራራ በኩል ነበር። የአሞሌን ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ጨው ማለት ምን ማለት እንደነበር መንገር አያስፈልግም። ዛሬ ጎማ የሚሽከረከርበትን መንገድ ግን ነጋዴ አልጠረበውም፤ ጦር ሠራዊት ነው። መድፍና ስንቅ ወደ ድንበር ምሽጎች ለማድረስ ወታደር በአካፋና በዶማ ዐለቱን ፈልጦ ያወጣው ነው። ስሙ የነጋዴ፣ አጥንቱ የወታደር። በ1947 የፓሪሱ የሰላም ስምምነት ድንበሩን ሲያንቀሳቅሰው ቴንድና ላ ብሪግ የተባሉት መንደሮች ከጣልያን ወደ ፈረንሳይ ዞሩ። ይህ ሁሉ የተፈጸመበት መንገድ ነው እንግዲህ ‹ያልተነካ› የሚባለው!

ጉዳዩ የቃላት ብቻ ቢሆን ባልተሟገትን። ከዚያው ተራራ ሥር የሮያ ሸለቆ አለ። በኦክቶበር 2020 ‹አሌክስ› የተባለው ማዕበል ሸለቆውን መታው። ጎርፉ መንገድና ድልድይ ጠራርጎ ወሰደ፤ በ1882 ወደተከፈተው፣ ዛሬ ሁለቱን አገሮች ወደሚያገናኘው የቴንድ ዋሻ የሚያስገባው የፈረንሳይ በኩል መንገድ ጠፋ። ዋሻው ለመኪና እንደገና የተከፈተው በጁን 2025 ነው። ቁጠሩት፤ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት! በመሐሉ የሸለቆው ሰው ዋና ተስፋ የድሮው የባቡር ሐዲድ ነበር። በወዲያኛው ጫፍም ሰላም አልነበረም፤ በኖቬምበር 2016 ናዳ የሞኔሲ ዲ ሜንዳቲካ መንደርን ቤቶች አፍርሷል።

እንግዲህ ከላይ ባለ ቢስክሌቱ ‹አስፋልት ተራራን ያበላሻል› እያለ ሲፈላሰፍ፣ ከታች ያለው ሰው ሐኪም ቤት የሚያደርሰው መንገድ እስኪሠራለት ይጠብቅ ነበር። ‹የጠገበ ለተራበ አንጀት የለውም› ይሏል ይህ ነው። ኮረኮንችን መውደድ መብት ነው። ሌላው ሰው ኮረኮንች ላይ እንዲቀር መፈለግ ግን ፍቅር አይደለም።

የሚስቀውስ?

አሁን ወደሚስቀው እንዙር። ‹ፒስታ የድህነት ምልክት ነው፤ አለቀ!› ላለው ወዳጃችን መልሳችን ቶስካና ነው።

በሲየና ዙሪያ ያሉት ነጫጭ የጠጠር መንገዶች ‹ስትራዴ ቢያንኬ› ይባላሉ። ድሮ የሚያገናኙት የእኩል አራሾችን ቤቶች ነበር፤ ገበሬው ከምርቱ ግማሹን ለባለመሬቱ የሚያስረክብባቸውን እርሻዎች። በ1964 ሕጉ አዲስ የእኩል አራሽነት ውል ሲከለክል ብዙው ገበሬ ቀድሞ ወደ ከተማ ተሰዷል። ቤቱ ባዶ ቀረ፣ መንገዱም የሚሟገትለት አጣ፤ አስፋልቱም ቀስ በቀስ ይበላው ጀመር።

በ1997 ጃንካርሎ ብሮቺ የተባለ የአካባቢው ሰው ጋዮሌ ኢን ኪያንቲ በምትባል ከተማ ‹ሌሮይካ› የተሰኘ የቢስክሌት ጉዞ ጀመረ። የመጡት 92 ሰዎች ነበሩ። ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ነጩ መንገድ እንዳይጠፋ። ዛሬ 209 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ ቋሚ ምልክት የተተከለለት መስመር አለ። በ2007 ደግሞ ከዚያው ሐሳብ የባለሙያዎቹ ውድድር ተወለደ፤ ‹ስትራዴ ቢያንኬ› ማለት እሱ ነው፣ ሲየና አደባባይ ላይ የሚያልቀው። አስቂኙን ልንገራችሁ? በሌሮይካ የሚጋለበው ከ1987 በፊት የተሠራ ቢስክሌት ነው። የጠጠር መንገድን ያዳነው ጉዞ የሺህ ዩሮዎቹን ግራቭል አያስገባም!

ከዚህ የምንማረው አለ። ጠጠር መንገድ ማለት ያልተሠራ መንገድ ማለት አይደለም። ግሬደር ይፈልጋል፣ ሮሎ ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ ውሃው የሚወርድበት ቦይ ይፈልጋል። ቦዩ ከተደፈነ አንድ ክረምት ይበቃዋል። የተያዘ ፒስታ እና የተረሳ ፒስታ በፎቶ ይመሳሰሉ ይሆናል፤ ለሚኖርበት ሰው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። ቶስካና የመረጠችው ፒስታ ነው፤ የተረሳ መንደር ፒስታ ግን ማንም የመረጠው አይደለም። ልዩነቱ ምርጫ ነው ጎበዝ!

ምን ይደረግ ነው የምትሉት?

ሦስት ነገር።

አንደኛ፣ ኮረኮንቹን የሚዝናናበት ሰው ለጥገናው ይክፈል። የጨው መንገዱ ባለመኪናውን እንደሚያስከፍለው ሁሉ ‹እኔ እኮ ጭስ የለኝም› ባዩም እጁን ኪሱ ይክተት። ግሬደር በአድናቆት አይነዳም።

ሁለተኛ፣ የትኛው መንገድ ጠጠር ሆኖ ይቅር፣ የትኛው አስፋልት ይልበስ የሚለውን ከቱሪስቱ በፊት ነዋሪው ይወስን። በየቀኑ አቧራውን የሚውጠው እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ‹ያልተነካ› የሚለው ቃል ይቅርብን። እያንዳንዱ የተራራ መንገድ ላይ የሰው ላብ አለ። ይህን እኛ ካልነገርነው ማን ይናገር? ፒስታ፣ ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮ... ሁሉም ከጣልያንኛ የወሰድናቸው ቃላት ናቸው። አልፕስ ላይ ለመድፍ መንገድ የጠረበው ሠራዊት በ1935 አካፋና መድፉን ይዞ እኛም ዘንድ መጥቷል። ተራራ ላይ ያለ ጥምዝምዝ መንገድ ስናይ ‹ውብ ነው› ከማለታችን በፊት ‹ማን ሠራው? ለማን?› ብለን የመጠየቅ ልማድ ቢኖረን ከማንም ይልቅ ያምርብናል።

እንግዲህ ፒስታ የሚያኮራም የሚያሳፍርም ነገር አይደለም። የሚያሳፍረው ለሚኖርበት ሰው ሳይጠይቁ መተው ነው፤ የሚያኮራውም ጠይቆ መያዝ። ‹ኮረኮንች አማረኝ› የምትል ወዳጃችን፣ መልካም መንገድ! ብቻ መንደር ስትደርስ ከቢስክሌትህ ውረድና ሰላም በል። መንገዱ የእነሱ ነው።

ቸር እንሰንብት።