ኦርጋኑን ማን በላው?

ሐዋሳ ውስጥ «ኦርጋን» የሚለውን ቃል ለማንም ብትጠሩለት ወዲያው አንድ ነገር ይታየዋል፤ በብረት ማስቀመጫ ላይ የተጋደመ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ከበሮውንም ክራሩንም ዋሽንቱንም በአንድ ሰው ጣት የሚያስጮህ ሳጥን። ቸርች ብትሄዱ እሱ፤ ሠርግ ብትጠሩ እሱ፤ የምርቃት ድግስ ላይ እሱ። ታዲያ በዚህች ገጽ ልንጠይቅ የተነሣነው ይኸ ነው፦ ስሙን ለዚህ ሳጥን ያወረሰው ዋናው ኦርጋን ወዴት ሄደ? ከእርሱስ ጋር ምን ሄደ?

«የፈረንጅ ዕቃ ነው፣ ምን አገባን?» የሚል ወገን እንዳለ እናውቃለን። ቆይ ወንድም፣ ቆዪ እህት። ኦርጋን የተወለደው ለንደን ወይም ኒው ዮርክ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ክቴሲቢዮስ የሚባል መሐንዲስ በውሃ ግፊት አየር እየነዳ ቧንቧዎችን የሚያስጮህ መሣሪያ የሠራው እስክንድርያ ላይ ነው፤ ዓባይ ባሕር በሚገባበት አገር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይባል የለ!

አሠራሩን እንይ። የቧንቧ ኦርጋን እያንዳንዱ ቧንቧ አንድ ድምፅ ብቻ ያውቃል። ረጅሙ ወፍራሙን፣ አጭሩ ቀጭኑን። አንዱ የጎረቤቱን ድምፅ ሊያወጣለት አይችልም፤ አንዱ ከጎደለ ጉድለቱ ለሁሉም ይሰማል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ከኋላ ሆኖ ወናፉን የሚነፋ ሰው ነበረው። ያለ እሱ ትንፋሽ ባለሙያው ጣቱን ቢደበድብ አንዲት ድምፅ አይወጣም።

እስቲ ይህን ከራሳችን ጋር አስተያዩት። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም። አንዱ ነፊ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ያወጣል፤ ዜማው የሚወለደው ሦስት እምቢልተኞች እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። ከሐዋሳ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ደራሼ ላይ፣ ፊላ አለ። ብዙ ሰው በአንድነት ይቆማል፤ እያንዳንዱ የያዘው ቧንቧ የራሱን ድምፅ ይሰጣል፤ ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ዜማው ይሞላል። ሙሉው ዜማ በአንድም ሰው አፍ ውስጥ አይገኝም። ኧረ ይኸ ኦርጋን አይደለም እንዴ? ልዩነቱ ቧንቧዎቹ እግር ያላቸው፣ የሚጨፍሩ ሰዎች መሆናቸው ብቻ ነው።

ታዲያ ማን በላው? እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ውስጥ ሃሞንድ የሚባል ቧንቧ የሌለው የኤሌክትሪክ ኦርጋን ገበያ ወጣ። ዋጋው ከቧንቧው ኦርጋን ያነሰ፣ ቦታ የማይወስድ። የትንሽ ከተማ አብያተ ክርስቲያናት፣ ፕሬስቢቴሪያኑም ሌላውም፣ እሱን መግዛት ጀመሩ። የቧንቧ ሠሪዎቹ «ይኸ እኮ ኦርጋን አይደለም» ብለው ጮኹ። ነገሩ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ዘንድ ደረሰና በ1938 ኩባንያው «የቧንቧ ኦርጋን የሚያወጣውን ድምፅ ሁሉ ያወጣል» እያለ እንዳያስተዋውቅ ታዘዘ። ስሙ ግን ቀረለት። በስም የገባ እንግዳ ቀስ ብሎ ባለቤቱን አስወጣ።

እኛም ዘንድ ታሪኩ ይመሳሰላል፤ የከፋም ነው። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1919 ደምቢ ዶሎ ገቡ፤ ከእነርሱ ሥራ የተነሣችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። በእኛ በኩል፣ በሲዳማ፣ የኖርዌይ ሉተራኖች ነበሩ። ከዚያ ደርግ መጣ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያን ወረሰ። በደቡብም በምዕራብም ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፣ ንብረታቸው ተወሰደ። መዝሙሩስ ጠፋ? አልጠፋም! በየሰው ቤት፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ተዘመረ። መሣሪያው ቢወሰድም እያንዳንዱ ሰው የራሱን ድምፅ ይዞ ነበርና።

እንግዲህ አስቡት። ደርግ በጉልበት ያልቻለውን ሳጥኑ በምቾት እየቻለው ነው። አንዱ ይጫወታል፣ ሁለት ሰው ማይክሮፎን ይይዛል፣ ሌላው ሺህ ሕዝብ ያጨበጭባል። ጭብጨባውን እንኳ ሳጥኑ ቀድቶ ይዞታል! መብራት የሄደ ቀን ደግሞ አዳራሹ ሙሉ ሰው ተያይቶ ዝም ይላል። ይኸ ነው ሥልጣኔ?

«ርካሽ ነው» ይሉናል። አዎ፣ ለድግስ ጠሪው ርካሽ ነው። አሥር ነፊ ከመጥራት አንድ ሳጥን መከራየት ይቀላል። የዘጠኙ እንጀራስ? ልጆቻቸው «ይኸ ሙያ አያበላም» ብለው ቧንቧውን ሲጥሉ ዋጋውን የሚከፍለው ማነው? በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

«የሄደ አይመለስም» ለሚሉንም በገናን እንጥቀስላቸው። በደርግ ዘመን ከሬዲዮ ተወግዶ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ትምህርቱ ተቋርጦ ነበር። እንደ ዓለሙ አጋ ያሉ ደርዳሪዎች ስላልተዉት ግን ተመለሰ፤ ዛሬ ወጣቶች ተመዝግበው ይማሩታል። የተመለሰው ሰው ስለያዘው ነው።

ሳጥኑ ይሰበር አላልንም። መግዣ የሌለው ጓደኛችን በአንዲት ክፍል ውስጥ ብቻውን ዜማ የሚደርስበት መሣሪያ ነው፤ ይደርስበት። እኛ የምንቃወመው ለሌላው ሁሉ ቦታ ነስቶ «ሙዚቃ እኔ ነኝ» ሲል ነው። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ኅዳር 29 ሲደርስ ፊላውንና እምቢልታውን አስጠርቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ በማግስቱ መሸኘትንም እንቃወማለን።

ስለዚህ ጓዶች፣ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ተማሪ በሚያዘጋጀው መድረክ ሁሉ ሶኬት የማይፈልግ ሙዚቃ ሰዓት ይሰጠው፤ ነፊዎቹም እንደ ማንኛውም ባለሙያ ይከፈላቸው። ሁለተኛ፣ ቋንቋና ታሪክ የምናጠና ሁሉ ለዕረፍት ወደየቀያችን ስንሄድ የሚነፉትን ሰዎች ፈልገን እንቀመጥ፤ የቧንቧቸውን ስም፣ ተራቸውን፣ አነፋፋቸውን ጽፈን እንምጣ፤ እዚሁ መጽሔት ላይ ይውጣ። ሦስተኛ፣ መዘምራን የሆናችሁ፣ በየሳምንቱ አንድ መዝሙር እንኳ ሳጥኑን አጥፍታችሁ ሕዝቡን አዘምሩት። መጀመሪያ ላይ ይንገዳገድ ይሆናል፤ ይንገዳገድ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል።