የአሮጌ ቤት መስኮት ድንጋይ ሲለወጥ

በከተሞቻችን ነባር ሰፈሮች ያሉ የድንጋይ ቤቶች ዛሬም የብዙ ቤተሰብ መጠለያ ናቸው። ቤቱ ሲታደስ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚታሰበው ቀለሙና ጣሪያው ነው። በመስኮቱ ዙሪያ ያሉት ጥርብ ድንጋዮች፣ ማለትም ከላይ ያለው ጉበን፣ በግራና በቀኝ የቆሙት መቃኖችና ከታች ያለው ደፍ የሚታወሱት ሲሰነጠቁ ወይም ሲፈረፈሩ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ እነዚህ ድንጋዮች ለጌጥ ብቻ የተቀመጡ አይደሉም። ጉበኑ ከበላዩ ያለውን ግንብ ይሸከማል፤ ደፉም የዝናብ ውኃ ወደ ግድግዳው እንዳይሰርግ ይከላከላል። በመስኮቱ ሥር የሕፃን አልጋ ካለ ደግሞ ጉዳዩ ቤት ከማሳመር አልፎ የልጅ ደኅንነት ጉዳይ ይሆናል።

ስለሆነም ግንበኛ ከመጥራትዎ በፊት ራስዎ ይመርምሩ። ድንጋዩን በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርገው ሲመቱት ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላሸው ድምፁ የታፈነ ነው። ስንጥቅ ካለ ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀኑን ይጻፉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ስንጥቁ ምልክቱን አልፎ ከሄደ ግድግዳው ገና እየተንቀሳቀሰ ነውና መሠረቱን የሚያይ ባለሙያ ያስፈልጋል። አሸንዳው የሚያፈስ ከሆነም እርሱ ይቅደም። አለዚያ አዲሱ ድንጋይ እንደ አሮጌው መበላሸቱ አይቀርም።

ሁሉንም ድንጋይ መለወጥም አስፈላጊ አይደለም። ፊቱ ብቻ የተጎዳውን ድንጋይ የተበላሸውን ክፍል ቆርጦ በአምሳያው መተካት ይቻላል። ይህም ወጪን ይቀንሳል።

ብዙዎች የተፈረፈረውን በሲሚንቶ መለሰን ይመርጣሉ። ሥራው ፈጣን ቢሆንም ለስላሳ ድንጋይን ይጎዳል። ሲሚንቶ ከድንጋዩ ይልቅ ስለሚጠጥር እርጥበቱን አያሳልፍም፤ ውኃውም በድንጋዩ በኩል ሲወጣ ድንጋዩን ይበላዋል። ኖራ ግን እርጥበትን ያስተነፍሳል። በጎንደር ፋሲል ግቢ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ የተሠራው ጥገና በኋላ እየተነሣ በኖራ የተተካው ያለ ምክንያት አይደለም። ለአሮጌ የድንጋይ ቤት 1 እጅ ኖራ ከ3 እጅ አሸዋ ጋር ተቦክቶ ቢሠራበት ይስማማዋል። ቶሎ እንዳይደርቅም ለጥቂት ቀናት በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን።

ከሁሉ የሚያሰጋው ጉበኑን ማንሣት ነው። ከላይ ያለው ግንብ በጠንካራ ድጋፍ ሳይያዝ ጉበን ከተነሣ ግንቡ በሠራተኛውም በቤተሰቡም ላይ ሊወርድ ይችላል። በአንድ ጊዜ ከአንድ መስኮት በላይ አይነካ። አዲሱ ጉበን በግራም በቀኝም ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ግድግዳው ላይ ይረፍ። ደፉ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ከግድግዳው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይውጣ፤ ከሥሩም ውኃው ወደ ግድግዳው ሳይመለስ የሚንጠባጠብበት ጠባብ ቦይ ይቆረጥለት።

ቀኑን በመሥሪያ ቤት የምታሳልፉ እናቶች ሥራውን ቆማችሁ ለመቆጣጠር ጊዜ ላይኖራችሁ ይችላል። ስለዚህ የሚለወጡትን ድንጋዮች ብዛት፣ የኖራውን ነገርና ድጋፉ ሳይቆም ጉበን እንደማይነሣ በጽሑፍ ተዋዋሉ። የመጨረሻው ክፍያ ሥራው ከታየ በኋላ ይሁን። ቤቱ የመንግሥት ከሆነም ከሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ።

ኖራ ዓይንንና ቆዳን ያቃጥላል። ልጆች ከሚቦካበት ቦታ ይራቁ። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ሥራው ክረምት ከወጣ በኋላ ቢጀመር ኖራው ዝናብ ሳያጥበው ይጠነክራል። እስከዚያው ድረስ ግን ጉበኑ የተሰነጠቀ መስኮት ካለ የልጁን አልጋ ዛሬውኑ ከሥሩ ያንሡት።