ፊርማው አለ፤ ንድፉ ግን የትኛው ነው?

እ.ኤ.አ. በ2006 በጄኔራል ሞተርስ አንድ መሐንዲስ የለውጥ ሰነድ ላይ ፈረመ። ጉዳዩ ስለ አንዲት ትንሽ ዕቃ ነበር፤ የመኪና ቁልፍ በሚዞርበት ማስነሻ ውስጥ ስላለች ፒንና ስፕሪንግ። አሮጌዋ ልል ስለነበረች ቁልፉ ጉልበት ሲነካው ወይም የቁልፍ መያዣው ሲከብድ ከቦታው ይንሸራተት ነበር። ያኔ ሞተሩ ይጠፋል፣ መሪው ይከብዳል፣ ግጭት ቢደርስም ኤርባጉ አይከፈትም። አዲሷ ረዘም ያለችና ጠንካራ ነበረች።

ለውጡ ራሱ ጥሩ ነበር። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ፓርት ነምበር የሚባለው የዕቃው መለያ ቁጥር አልተቀየረም።

ውጤቱን አስቡት። ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች በአንድ ስም መኖር ጀመሩ። በኋላ የአደጋዎቹን ምክንያት የሚያጠኑ የኩባንያው ሰዎች አንድ እንቆቅልሽ ገጠማቸው፤ የቀደሙት ዓመታት መኪኖች እየጠፉ የኋለኞቹ ለምን ደህና ሆኑ? ሰነዱ ዕቃው አንድ ነው ይላል። ስለዚህ ምክንያቱን ሌላ ቦታ ሲፈልጉ ዓመታት አለፉ። ምስጢሩ የተፈታው በጆርጂያ ግዛት ልጃቸውን በአደጋ ያጡ ወላጆች በከሰሱበት መዝገብ ነው። የጠበቃቸው ባለሙያ አሮጌውንና አዲሱን ማስነሻ ፈትቶ ጎን ለጎን ሲያያቸው ልዩነታቸው በዓይን የሚታይ ነበር።

ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 2.6 ሚሊዮን መኪኖችን ጠራ። የካሳ ፈንዱ 124 የሞት ጥያቄዎችን ተቀበለ። በ2015 ደግሞ የአሜሪካን መንግሥት የወንጀል ምርመራ ለመቋጨት 900 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ሰዎቹን የገደለው ቁጥሩ ነው ማለቴ አይደለም፤ የገደላቸው ልል የሆነው ማስነሻ ነው። ያልተቀየረው ቁጥር ግን ገዳዩን ደበቀው።

በምህንድስና ለዚህ አንድ የታወቀ ሕግ አለ። ለውጡ የዕቃውን ቅርጽ፣ ገጣጠም ወይም አሠራር ነክቶ አሮጌውና አዲሱ አንዱ በሌላው ቦታ የማይተካኩ ከሆነ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል። ካልነካ ደግሞ ቁጥሩ ሳይቀየር ሪቪዥኑ ብቻ ከፍ ይላል። ዛሬ ይህን ሥራ እንደ ቲምሴንተርና ዊንድቺል ያሉ ሶፍትዌሮች ይመሩታል። ንድፉ በረቂቅነት ይጀምራል፣ ወደ ግምገማ ይሄዳል፣ ይጸድቃል፣ ከዚያ ለሥራ ይለቀቃል። የተለቀቀ ንድፍ ይቆለፋል። መለወጥ የፈለገ ሰው ምክንያቱን ጽፎ የለውጥ ትዕዛዝ ማስፈቀድ አለበት።

ልብ በሉ፤ ማጽደቅና መልቀቅ ሁለት ነገሮች ናቸው። ማጽደቅ «ይህ ንድፍ ትክክል ነው» ማለት ነው። መልቀቅ ግን «ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም በዚህ ይሥራ፣ አሮጌው ከሁሉም እጅ ይሰብሰብ» ማለት ነው።

ታዲያ ሶፍትዌር ገዝተን እንገላገል? እኔ አይመስለኝም። ሶፍትዌሩ ማን፣ በስንት ሰዓት እንደፈረመ ያውቃል። ፈራሚው ንድፉን ማየት አለማየቱን ግን አያውቅም።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1981 በካንሳስ ሲቲ ሃያት ሪጀንሲ ሆቴል ከጣሪያ የተንጠለጠሉ መተላለፊያ ድልድዮች ተደርምሰው 114 ሰዎች ሞቱ። በመጀመሪያው ንድፍ ከጣሪያ የሚወርደው አንድ ረጅም የብረት ዘንግ የላይኛውንና የታችኛውን ድልድይ ለየብቻ ይሸከም ነበር። ለአሠራር እንዲመች ዘንጉ ሁለት ቦታ ተከፈለና የታችኛው ድልድይ በላይኛው ላይ ተንጠለጠለ። በላይኛው ማያያዣ ላይ ያረፈው ጭነት እጥፍ ሆነ። ይህ ለውጥ ያለበት ሾፕ ድሮዊንግ የመሐንዲሶቹ የግምገማ ማኅተም አርፎበታል። ማኅተሙ ነበረ፤ ስሌቱ ግን አልተሠራም። መሐንዲሶቹ በሚዙሪ ግዛት የሙያ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ፕላን እንዲጸድቅ አዘዘ። ስለዚህ በእኛ ዘንድ «ንድፉ ጸድቋል» ከተባለ ክርክሩ ያለቀ ይመስለናል። ሳይት ላይ ያለው እውነት ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። የጸደቀው ቅጂ ቢሮ ሼልፍ ላይ ነው፣ አንዱ ኮንትራክተሩ ጋ ነው፣ ሌላው ደግሞ በቴሌግራም ተልኮ ፎርማኑ ስልክ ውስጥ ነው። የፋይሉ ስም «ፋይናል»፣ ቀጥሎ «ፋይናል 2»፣ ቀጥሎ «የመጨረሻ ፋይናል» ይላል። ብረቱ የታሰረው በየትኛው ነው? ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ይህን ጥያቄ መመለስ ከባድ ነው።

«ይህ ሁሉ ቢሮክራሲ ሥራ ያጓትታል» የሚሉ አሉ። ቅሬታቸው እውነት አለው። አንድ የፊደል ስህተት ለማረም ሰባት ፊርማ የሚጠይቅ ቢሮ ሠራተኛውን በጓሮ በር እንዲሄድ ያስተምረዋል። ሰባት ሰው ሲፈርም ደግሞ እያንዳንዱ ሌላው አይቶታል ብሎ ያልፋል። መፍትሔው ፊርማ ማብዛት ሳይሆን መለየት ነው። ጥቃቅን እርማት በአንድ ሰው ይለቅ። ጭነት፣ ደህንነት ወይም ገጣጠም የሚነካ ለውጥ ግን ስሌቱን በሠራውና ስሌቱን በራሱ ደግሞ በፈተሸው ሰው ይጽደቅ፤ ማን ምኑን እንዳየም ከፊርማው ጎን ይጻፍ። አለበለዚያ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ለእኛ ለጋዜጠኞችም የቤት ሥራ አለው። አንድ ሕንፃ ወይም ድልድይ ሲደረመስ የመጀመሪያ ጥያቄያችን «ፈቃድ ነበረው ወይ?» የሚል ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ «አዎ» ነው፤ ዜናውም እዚያ ይቆማል። ከዚህ በኋላ ሦስት ጥያቄ እንጨምር። ሳይት ላይ የተሠራበት ንድፍ የትኛው ሪቪዥን ነው? ከጸደቀው በኋላ ምን ተለወጠ፣ ለውጡንስ ማን አሰላው? አሮጌው ንድፍ ከሠራተኞቹ እጅ መቼ ተሰበሰበ?

ለእነዚህ ሦስቱ በሰነድ መልስ መስጠት ያልቻለ ተቋም፣ እጁ ላይ ያለው ባለ ማኅተም ወረቀት ነው እንጂ የጸደቀ ንድፍ አይደለም።