የማይጋለብ ፈረስ፦ ስለ ጥንታዊ ሞተር ሳይክሎችና ስለ ገንዘብ

አሮጌ ነገር ሁሉ ክቡር አይደለም፤ ክቡር የሆነውም ሁሉ ለገበያ አይቀርብም። ይሁንና ዕድሜያቸው በገፋ መጠን ዋጋቸው የሚንር አንዳንድ ዕቃዎች አሉ። ጥንታዊ ሞተር ሳይክሎች ከእነዚህ ውስጥ ይመደባሉ። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ወዳጆቻቸው ሁለት ወገን ሆነው ይከራከሩባቸዋል። አንደኛው ወገን «ገዝቶ ማስቀመጥ ነው፤ ገንዘብ ይወልዳል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ገዝቶ መንዳት ነው፤ የተሠራው ለመንገድ ነው» ሲል ይመልሳል። እኔ እንጀራዬ የባንክ ሥራ ስለሆነ ከመጀመሪያዎቹ ጋር እቆማለሁ ተብሎ ይጠበቅ ይሆናል። አልቆምም። ምክንያቴንም በመጀመሪያ በሂሳቡ፣ ቀጥሎም ከሂሳቡ በላይ ባለው ነገር ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በቅድሚያ የአስቀማጮቹን ክርክር ሳላሳንስ ላቅርብ። በእንግሊዝ አገር፣ ስቲቭኔጅ በምትባል ከተማ ቪንሰንት የተባለ ፋብሪካ ነበር። መሥራቹ ፊሊፕ ቪንሰንት ከአውስትራሊያዊው መሐንዲስ ከፊል ኧርቪንግ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1948 «ብላክ ሻዶው» ያለውን፣ በእኛ አፍ «ጥቁር ጥላ» ልንለው የምንችለውን፣ ባለ 998 ሲሲ ሞተር ሳይክል ለዓለም አሳየ። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጥ ነበር። በዚያው ዓመት ሮሊ ፍሪ የተባለ አሜሪካዊ በዩታ ግዛት በቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ ለውድድር የተዘጋጀ ቪንሰንት ይዞ ቀረበ። የቆዳ ልብሱ ስለ ተቀደደበት የዋና ቁምጣ ብቻ ታጥቆ፣ ከሞተሩ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ በሰዓት ከ241 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳ። ፋብሪካው ግን ኪሳራ በዝቶበት በ1955 ሞተር ሳይክል መሥራቱን አቆመ። ከዚህ ፋብሪካ ከወጡትና ቁጥራቸው ሠላሳ ገደማ ብቻ ከሆነው «ብላክ ላይትኒንግ» የውድድር ሞተሮች አንዱ በ2018 በላስ ቬጋስ ጨረታ 929,000 ዶላር ተሸጠ። በ2023 ደግሞ በዚያችው ከተማ በ1908 የተሠራ ሃርሊ ዴቪድሰን 935,000 ዶላር አወጣ። ታዲያ አስቀማጩ «ይህ ወርቅ ካልሆነ ምን ወርቅ አለ?» ቢል ይፈረድበታልን?

አይፈረድበትም። ነገር ግን ስለ ዕጣ አሸናፊው ሁሉ ሰው ያወራል፤ ስለ ወደቁት ቲኬቶች ማንም አይጽፍም። ከብርቅዬዎቹ ወርደን ተራ ሰው ሊገዛው የሚችለውን እንመልከት። ሆንዳ በ1969 ያወጣው ሲቢ 750 አራት ሲሊንደር፣ የፊት ዲስክ ፍሬንና በኤሌክትሪክ የሚነሳ ሞተር ባንድነት ይዞ በመቅረቡ የዘመኑን ገበያ የለወጠ ነው። በአሜሪካ ዋጋው 1,495 ዶላር ነበር። ያ ገንዘብ ያኔ ይገዛ የነበረውን ያህል ለመግዛት በ2024 ወደ 12,800 ዶላር ግድም ያስፈልግ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ በኋላ የተሠራ ደህና ሲቢ 750 ግን ብዙውን ጊዜ ከዚህ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ሰብሳቢዎች የሚሻሙት «በአሸዋ የፈሰሱ» እየተባሉ የሚጠሩትን የመጀመሪያዎቹን 7,400 ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ በ1969 ገዝቶ ለትርፍ የቆለፈበት ሰው ብዙም አላተረፈም። የነዳው ሰው ግን ለሃምሳ ዓመታት የመንገድ ወለድ ሲበላ ኖሯል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ሂሳብ ልሥራ። አንድ ሰው በጨረታ 20,000 ዶላር የሚያወጣ ሞተር ገዛ እንበል። ለአጫራቹ ከመቶ አሥር፣ ማለትም 2,000 ዶላር ይጨምራል። ለመድን፣ ለማስቀመጫ ቦታና ለጥገና በዓመት 600 ዶላር ቢያወጣ በአሥር ዓመት 6,000 ይሆናል። ድምሩ 28,000 ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ በ26,000 ዶላር ቢሸጠው በዋጋው ላይ ሠላሳ በመቶ እንደ ጨመረ ለወዳጆቹ ያወራል። ከዚሁ ላይ ሻጭ የሚከፍለው ከመቶ አሥር ሲቀነስ ግን በእጁ የሚገባው 23,400 ነው፤ ይኸውም 4,600 ዶላር ኪሳራ ነው። ያው 20,000 ዶላር ከመቶ ሦስት በሚወለድ ሂሳብ ቢቀመጥ ኖሮ ወደ 26,900 በደረሰ ነበር። የተቀማጭ ደብተር ዘይት አይጠጣም፤ ጎማም አይቀየርለትም።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ባለጸጎች ጨዋታ ይመስል ይሆናል። ጥያቄው ግን የእኛም ነው። በአገራችን ብር የመግዛት አቅሙ በቀነሰ ቁጥር ሰው ገንዘቡን በዕቃ ላይ ያሳርፋል፤ መኪና ለብዙዎች የቁጠባ ደብተር ሆኗል። ይህን የሚያደርገውን ሰው አልነቅፍም፤ የቸገረው ነው። ነገር ግን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እስከ ዛሬ የሚታዩት አሮጌ ቮልሶች የቆዩት ተሸፍነው ስለ ተቀመጡ አይደለም። ስለ ተነዱ፣ ስለ ተነዱም መካኒክና መለዋወጫ ስላላጡ ነው።

አበው «ያልተገላበጠ ያራል» ይላሉ። ለሞተር ሳይክል ይህ ምሳሌ ሳይሆን ቁርጥ ያለ እውነት ነው። ቆሞ የከረመ ቤንዚን በካርቡሬተሩ ውስጥ እንደ ሙጫ ይጋገራል። የነዳጅ ማጠራቀሚያው በውስጡ በሚቋጥረው እርጥበት ይዝጋል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውኃ ይስባል። ዘይት የሚይዙት ላስቲኮች ይደርቃሉ፤ ባትሪው ይሞታል፤ ጎማው ያልተነዳበትን መንገድ ያህል ይሰነጣጠቃል። አስቀማጩ ከጊዜ የሸሸገው መስሎት ለጊዜ አሳልፎ ሰጥቶታል።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ዋጋውን የወለደው ማነው? ሮሊ ፍሪ በጨው ሜዳ ላይ ባይተኛ ኖሮ ቪንሰንት ከብዙ የከሰሩ ፋብሪካዎች አንዱ ሆኖ በተረሳ ነበር። በ929,000 ዶላር የተሸጠው ሞተር ራሱ በአውስትራሊያ የፍጥነት ክብረ ወሰን የተሰበረበት ነው። ብረቱን ውድ ያደረገው የነዱት ሰዎች ታሪክ ነው። ገዢውም በአብዛኛው በአሥራ ስድስት ዓመቱ በመስኮት አይቶ የተመኘውን በሃምሳ ዓመቱ የሚገዛ ሰው ነው። ያ ትውልድ ሲያልፍ ምኞቱም አብሮት ያልፋል፤ ተተኪው ትውልድ የራሱን የልጅነት ሕልም ይፈልጋል። በመንገድ ላይ ታይቶ፣ ድምፁ ተሰምቶ የማያውቀውን ሞተር ነገ ማን ይመኘዋል? ሁሉም ቢቆልፍበት ሁሉም ይከስራል።

አንድ ነገር ግን አምናለሁ። ከፋብሪካ እንደ ወጣ ሳይነካካ የቆየ፣ አቻ የሌለው ሞተር የታሪክ ምስክር ነው፤ አንዴ ከተበላሸ የቀድሞ ማንነቱን የሚመልስለት የለም። የዚህ ዓይነቱ ቦታ ሙዚየም ነው። ሙዚየም ውስጥ ያለው ግን የሁሉም ዓይን ያርፍበታል፤ በግል መጋዘን የተቆለፈው ግን ከባለቤቱ ቁልፍ በቀር ማንም አያውቀውም።

መንዳትም ያለ ዋጋ አይደለም። «የአረቢያው ሎውረንስ» እየተባለ የሚጠራው ቲ. ኢ. ሎውረንስ ብራፍ ሱፒሪየር ሞተሮቹን ከወንጌል በወሰደው ስም «ቦአኔርጌስ»፣ የነጎድጓድ ልጆች፣ ብሎ ይጠራቸው ነበር። በ1935 ከአንዱ ላይ ወድቆ በጭንቅላቱ ጉዳት ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው ሂው ኬርንስ ከዚያ በኋላ በሞተረኞች የራስ ቁር ላይ ያደረገው ጥናት የብዙዎችን ሕይወት አትርፏል። ስለዚህ ንዱ ስል በጭፍን ንዱ ማለቴ አይደለም፤ ቁር አጥልቆ፣ ፍሬን ፈትሾ፣ ዕድሜውን አክብሮ ነው።

እንደ እኔ እንደ እኔ ምክሩ አጭር ነው። ቢጠፋ እንቅልፍ በማይነሳ ገንዘብ ይገዛ። መለዋወጫ የሚገኝለት ይመረጥ። ከተገዛ በኋላ ይነዳ። ዋጋው ከጨመረ፣ እርሱ እንደ ገበያ ምራቂ ይቆጠር፤ ምራቂ ተስፋ አድርጎ ግን ገበያ የሚወጣ የለም። ጽሑፌን በራሴ ስንኞች ልዝጋ፦

ፈረሱን አስሮ በወርቅ ሰንሰለት፣
ኮርቻ ሲያሳምር ልጓም ሲገዛለት፣
ሜዳው ሲጠብቀው ከዓመት እስከ ዓመት፣
ጌታው አረጀ ሳይጋልብበት።