ስዕሉ ሲንቀሳቀስ ማን ይጠቀማል?

በኮሮና ጊዜ በሽኩና ዳሌት ለፒሲአር ምርመራ አፍንጫው ያልተነካ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ግን ጥቂት ነው። ባዮሎጂ መርጠው ለባግሩት ለሚዘጋጁ ልጆቻችን እንዲህ ያለውን ነገር መረዳት የትምህርታቸው አካል ነው።

ችግሩ ነገሩ በዓይን አለመታየቱ ነው። የቫይረሱ መልእክት መጀመሪያ ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል። ወደ 95 ዲግሪ ሲሞቅ ሁለቱ ክሮች ይለያያሉ፤ ሲቀዘቅዝ አጫጭር ማስጀመሪያዎች ይያያዛሉ፤ ከዚያ ኢንዛይሙ የጎደለውን ክር ይሠራል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እያለ በ30 ዙር ከአንድ ቢሊዮን ሊያልፍ ይችላል። መጽሐፍ ላይ ግን ይህ ሁሉ የቆሙ ስዕሎችና ቀስቶች ነው። በመሀል የሆነውን ልጁ ራሱ በሐሳቡ መሙላት አለበት።

የቫይዝማን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ሀጊት ያርደንና አናት ያርደን ይህንኑ እዚሁ አገር አጥንተዋል። በ2010 በታተመው ጥናታቸው 83 የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፒሲአርን በቆመ ስዕል፣ 90 ደግሞ በኮምፒውተር አኒሜሽን ተማሩ። አኒሜሽን ያዩት የተሻለ ገባቸው። ለእኛ ሰፈር ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው፦ በቆመ ስዕል ሲማሩ፣ ቀድሞ የነበራቸው እውቀት አነስተኛ ለሆነ ተማሪዎች ያ ጉድለት እንቅፋት ሆኖባቸዋል።

የግል አስጠኚ ያለው ልጅ ክፍተቱን ቤቱ ይሞላል። የእኔ ወላጆች ለትምህርት የነበራቸው ጉጉት ከማንም አያንስም፤ በዕብራይስጥ የተጻፈ የባዮሎጂ መጽሐፍ ማስረዳት ግን አይችሉም ነበር። ስለዚህ አኒሜሽን ለጎበዞች የሚጨመር ጌጥ አይደለም። መጀመሪያ መድረስ ያለበት እንደ ዳሌት ላሉ ሰፈሮች ነው።

ስክሪን መስቀል ብቻውን ግን አይበቃም። ኢትዮጵያ ያሉ ዘመዶቻችን "ፕላዝማ" የሚባለውን ያስታውሳሉ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳይንስና ሒሳብን በሳተላይት ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ ተማሩ። ተማሪው "አልገባኝም" ቢል ስርጭቱ አይቆምም፤ ለአስተማሪው የሚቀረው መግቢያና መጨረሻው ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበር። ስዕሉ ይሄዳል፣ ልጁ ባለበት ይቀራል።

ዛሬ ማቆሚያው በአስተማሪው እጅ ነው። ክሮቹ ሊለያዩ ሲሉ አቁሞ "አሁን ምን ይሆናል?" ብሎ መጠየቅ፣ የዝምተኛውንም ልጅ መልስ መጠበቅ ይችላል። ይህ ካልሆነ አኒሜሽኑ ከሌላው የስልክ ቪዲዮ አይለይም።

በወላጆች ስብሰባ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንጠይቀው ስለ ልጁ ጠባይ ነው። አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ "ሳይንስ በምን ታስተምሯቸዋላችሁ? ልጄስ አስቁሞ መጠየቅ ይችላል ወይ?" ቤት ስንገባ ደግሞ ልጁን፣ "ያ አፍንጫዬ የገባው እንጨት ከዚያ በኋላ ምን ተደረገ?" እንበለው። አማርኛና ዕብራይስጥ ቀላቅሎም ቢሆን ለእናቱ ካስረዳ፣ በእርግጥ ገብቶታል ማለት ነው።